የአማት ሲጋር አያያዝ

ጡረታ የወጡት ዳኛ ትንሿን ልጃቸውን ለልብስ ሰፊ ሲድሩ ፈገግ ያሉት ፎቶ አንሺው ስለለመናቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ልብስ ሰፊው በነዚህ ዓመታት የሰፈሩን ግማሽ ሱሪ አሳጥሯል፤ ስንቱን ሙሽራ አልብሷል፤ የአንድ ባንክ ሥራ አስኪያጅን ቦርጭ በኮት አሠራር ደብቆ ሰውየውን ለሁለተኛ ትዳር አብቅቷል። አማቱ ግን የረገፈ ቁልፍ እንኳ ትከልልኝ ብለውት አያውቁም። ሱፋቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው በሱቁ ፊት ያልፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉታል፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይገባሉ። ይበልጥ የሚያቃጥለው ሰላምታቸው ነበር። ዝም ብለው ቢያልፉ አላዩኝም ብሎ ይጽናና ነበር።

ያ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቀኝ እጅጌን ከግራው እኩል አድርጎ ሰፍቶ የማያውቅ ሰው ነው።

የእኛው ሰው የሚመኘው ብዙ አይደለም። ሽማግሌው አንድ ቀን አንድ ነገር አምነው እንዲሰጡት ብቻ ነው። ሚስቱ፣ "ተወው፣ አባባ እኔንም አያምኑኝም" ትለዋለች። እሱ ግን አልተወውም። አርባ ዓመት የዘለለ፣ ሁለት የስፌት መኪና ያለው ትልቅ ሰው፣ እንደ ተማሪ ጥሩ ውጤት ይጠብቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳኛው በሱፍ ፋንታ ሳጥን ታቅፈው ሱቁ ገቡ። ልብስ ሰፊው አፉ ውስጥ የያዘውን ስፒል ሊውጠው ምንም አልቀረውም።

"የሐሞት ጠጠር ይዞኛል" አሉ ዳኛው፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው። "ልቀደድ ነው። ከዚያ በኋላ የማገግመው ትልቋ ልጄ ዘንድ ነው። እሷ ቤት ደግሞ ጭስ አይነሳም። የልደት ሻማ እንኳ ደጅ አውጥታ ነው የምታስጠፋው። ስለዚህ ይህን አንተ ጋ ላስቀምጥ።"

"እኔ ጋ?"

"አንተ አታጨስም። ወንድ ልጄ ያጨሳል። ሥጋ ለጅብ አደራ ይሰጣል?"

ሳጥኑን ከፈቱት። ሲጋሮቹ በዝግባ እንጨት ውስጥ ተደርድረው፣ ወፍራም፣ ቡናማና ኩሩ ሆነው ተኝተዋል፤ ዳኛው ራሳቸው ተባዝተው የተኙ ይመስላል። ከዚያ ሽማግሌው ፍርድ ሲያነቡ በኖሩበት ድምፅ አያያዙን ያስረዱት ጀመር። ክዳኑ ላይ ያለችው የእርጥበት መለኪያ ሰባ አካባቢ ትቁም። ስትወርድ ይህችን ስፖንጅ በተጣራ ውሃ ማርጠብ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ግን ሻጋታ ያመጣል። ፀሐይ አይንካው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥ፤ ያደርቀዋል፣ የሽንኩርት ጠረንም ያስይዘዋል። አልፎ አልፎ የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች ማገላበጥ ነው። ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከረጠበ ያብጣል፣ ከተረሳ ይሞታል።

"ከሁሉ በላይ ግን ሽታ" አሉ ጣታቸውን አንስተው። "ትንባሆ ቅጠል እንዳይመስልህ፤ አፍንጫ ነው። አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠጣል።"

"ይጠጣል" አለ ልብስ ሰፊው፣ እንደ መሐላ እየደገመ። ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ መረከብ ነውር መሰለውና ሳይቆጥር ተቀበለ። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፣ አባባ" አለ ደረቱን ነፍቶ። ዳኛው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ሳጥኑን አዩት። ልብስ ሰፊው ያዩት እሱን መሰለው፤ ደስታው ለሁለት ቀን ምግብ ከለከለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ሱቅ መሆኑ ቀረና የሕሙማን ክፍል ሆነ። ሳጥኑ የገባው ያለቀላቸው ሱፎች በሚሰቀሉበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ቤቱ የለውም። ደንበኛ በስፒል እንደተጠቀጠቀ፣ እጁን እንደዘረጋ ትቶ ሄዶ መለኪያዋን ያያል። ስፖንጁን በሕፃን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ያረጥባል። ሲያገላብጣቸው እጁን ታጥቦ ነው።

"እኔ ሳረግዝ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም" አለችው ሚስቱ።

"አንቺ ያረገዝሽውን ማን አደራ ሰጠኝ?" አለ፤ ይህን በማለቱም እራቱን ብቻውን በላ።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ በደህና ሲሄድ ነው። አንድ ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍት ከአንዱ ሲጋር ሥር እንደ ቡናማ ዱቄት ያለ ብናኝ አየ። ሲጋሩን ብድግ ቢያደርገው ስፒል የበሳት የምትመስል፣ ክብ ያለች ቀዳዳ አለችበት። ጎረቤቱም ላይ ሌላ ቀዳዳ አለ። ሲያንቀጠቅጠው ከቀዳዳዋ አንዲት ትንሽ ነቀዝ ብቅ ብላ፣ ቤቷ እንደተነካባት ሁሉ ተመልሳ ገባች።

እንግዲህ ይህ ሰው ሐኪም ቢሆን ኖሮ ሐኪም ይጠይቅ ነበር፤ ገበሬ ቢሆን ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ ስለሚበሱ ነፍሳት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብል ሱፍ ይበላል፣ ብልን ናፍታሊን ይገድላል፣ አለቀ። ነጫጮቹን እንክብሎች ከከረጢታቸው አፈሰ፣ በገበር ጨርቅ ቁራጭ ቋጠረ፣ ለሲጋሮቹ ክብር ሲልም ሐር መሳዩን ገበር መረጠ። ቋጠሮዎቹን በሳጥኑ አራት ማዕዘን አስቀምጦ ክዳኑን ገጠመና እጁን አራገፈ። ነቀዟ ሞተች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንግዲህ ይኼ ነው።

ሽታውስ? አትሉም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የልብስ ሰፊ አፍንጫ ግን ከጆሮም ይብሳል። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ናፍታሊን ሲተነፍስ ኖሯል። ለእሱ ናፍታሊን ሽታ አይደለም፣ አየር ነው። በየቀኑ ሳጥኑን ከፍቶ አፍንጫውን ይሰዳል፤ አዲስ ሱፍ፣ አዲስ ሱፍ ይለዋል፤ ደስ ብሎት ይዘጋዋል። ሚስቱ እንዳትነግረው ሳይነስ አለባት፤ የእሷ አፍንጫ መነጽር ማስቀመጫ ብቻ ነው።

ጉዱን ያወጣው የሚስቱ ወንድም ነው። ሥራው ኢንሹራንስ መሸጥ ስለሆነ ቤተሰቡ "ኢንሹራንሱ" ይለዋል፤ እሱ ያለበት ቤት ግን ምንም ነገር ዋስትና የለውም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጥቶ ኮት ልለካ አለ፣ ልብስ ሰፊው ደንበኛ ሲሸኝ ከቁም ሳጥኑ አንድ ሲጋር መዥረጥ አደረገ፣ ልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ለኮሰው።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ መጋረጃው ከነቀለበቶቹ ተነቅሎ ወረደ። ኢንሹራንሱ ዓይኑ እያለቀሰ፣ መጋረጃ ተከናንቦ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። "የሟች አክስታችንን ካፖርት ነው እኮ ያጨስኩት።"

"የአባባን ሲጋር ሰረቅህ" አለ ልብስ ሰፊው።

"የአባባ ሲጋር ይህማ አይደለም። የአባባን ሲጋር አውቀዋለሁ። ምን አደረግክበት?"

ልብስ ሰፊው ነገረው። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አባቱን አሰበና ሳቁን ተወ። "ስማኝ" አለ። "ቋጠሮዎቹን አውጣ፣ ሳጥኑን አናፍስ፣ አትናገር። ሲመጡ ቀዶ ሕክምናው አፍንጫቸውን ያበላሸ ይመስላቸዋል። ዝም አይነቅዝም።"

"ነቅዟል እኮ" አለ ልብስ ሰፊው፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

አንጀት ይበላ ነበር። ኢንሹራንሱ እንኳ፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው፣ አንጀቱን በላው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን እንዳትጮህብኝ" አለ። ሳጥኑ በመጣ ሰሞን፣ ናፍታሊን ሳይገባበት በፊት፣ አንድ እፍኝ አንስቶ ነበር። የተወሰነውን አጭሶታል። አምስቱ መኪናው መሳቢያ ውስጥ አሉ።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየው። ሊመታውም ሊስመውም ፈለገ። አደራውን ከጠባቂው ያዳነው ሌባው ነበር።

አምስቱ ሲጋሮች ከመኪናው ሲወጡ ግን ሬሳ ነበሩ። ፀሐይ ጠብሷቸዋል፤ ሲነኳቸው እንደ ደረቅ ጭድ ይንኮሻኮሻሉ። ልብስ ሰፊው በመሐረብ ጠቅልሎ ትንባሆ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሱቅ ሮጠ። የተበላሹትንም ሳጥኑን ሙሉ ይዞ ነበር። ሴትዮዋ ሳጥኑን ከፈተች፣ ወዲያው ዘጋች፣ መስኮት ከፈተች።

"ይህን ጣለው" አለች። "ሽታው ከቅጠሉ አይወጣም። ቢወጣም አይጨስም፤ ናፍታሊን መርዝ ነው። ይህን የሚስብ ሰው መርዝ ነው የሚስበው።"

"ነቀዝ ነበረበት።"

"ነቀዝ በብርድ ነው የሚገደለው። በላስቲክ አሽገህ በረዶ ቤት ትከተዋለህ፣ ቀናት ካለፉት በኋላ ወደ ማቀዝቀዣው ታወርደዋለህ፣ ከዚያ ታወጣዋለህ። እነዚህን አምስቱንም መጀመሪያ እንደዚያ አድርግ።"

"ባለቤቱ ማቀዝቀዣ አይግባ ብለዋል። ዳኛ ናቸው።"

"ለመኖሪያ አይሆንም፤ ለነቀዝ ግን ይሆናል። ዳኛው ነቀዝን ከሰው አይለዩም መሰለኝ።" ከዚያ ስለ ድርቀቱ ነገረችው። አፈ ሰፊ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ። ጨው በጠብታ ውሃ ታሽቶ ጭቃ እስኪመስል፣ በጠርሙስ ክዳን ተደርጎ ከታች። ሲጋሮቹ ጨውን ሳይነኩ ከላይ። "ዋናው ነገር አትቸኩል። የደረቀን በአንዴ ብታረጥበው የውስጡ ያብጥና ቆዳው ይፈነዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ወደ ቤት ተመለሰ፤ ሥራው ያኔ ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ ያደረገው ለካ ጭንቀት ብቻ ነበር። ሲጋሮቹ ከበረዶ ቤት ወጥተው ብልቃጥ ውስጥ ከገቡ በኋላ ክዳኑን በየጊዜው ይከፍትና አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቀስ ብሎ ይዳብሰዋል፤ ጨርቅ የሚዳብስባቸው ጣቶች ናቸውና ከመለኪያዋ ይልቅ አመናቸው። መጀመሪያ ጣቶቹ የሚያውቁት ድርቀት ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ አንዱ መንኮሻኮሹን ተወ። ከዚያ ሌላው። ብልቃጡን ከሱፎቹ አርቆ፣ መኝታ ቤት፣ በራስጌው በኩል መሬት ላይ አኖረው፤ የናፍታሊኑን ከረጢት ለማዶው ልብስ ሰፊ በነጻ ሰጠ። አፍንጫውም ከሱቁ ውጭ ሲሆን ትንሽ ትንሽ ነቃ መሰለኝ፤ አንድ ምሽት ክዳኑን ሲከፍት የሆነ ነገር ሸተተው፤ እንጨት የመሰለ፣ ማር የመሰለ፣ የዝናብ ማግስት መሬት የመሰለ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ወይ አባባ፣ ለካ ይህን ነው" አለ። ሽማግሌውን በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዳቸው።

ዳኛው ሲመለሱ አምስቱ ሲጋሮች ለስላሳ፣ ጠንካራ፣ እንከን የለሽ ነበሩ። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ይህን የሚያህል ሥራ አልሠራም። ሁሉንም ሊናገር ወስኗል። መጀመሪያ ጥፋቱን፤ ቀጥሎ አምስቱን። ያጠፋም ያዳነም እኔ ነኝ፣ ይፍረዱብኝ ሊል። በአንድ እጁ ሳጥኑን፣ በሌላው ብልቃጡ ያለበትን ቦርሳ ይዞ አማቱ ቤት ሄደ።

ዳኛው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ የሸሚዛቸው አንገትጌ ሁለት አንገት ይይዛል። ልብስ ሰፊው ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ቦርሳውን እግሩ ሥር አደረገ፣ ቁጭ ሳይል ተናዘዘ። ነቀዟን፣ ናፍታሊኑን፣ ገበሩን ሳይቀር ነገራቸው። የኢንሹራንሱን ስርቆት ብቻ ዘለለው።

ዳኛው ሳጥኑን ከፍተው አሸተቱ። ፊታቸው ተጨማደደ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልብስ ሰፊው አለቀሱ ብሎ ደነገጠ። እየሳቁ ነበር።

"ናፍታሊን" አሉ። "በሆነ ነገር ታበላሻቸዋለህ ብዬ ነበር፣ ናፍታሊንን ግን አላሰብኩትም።"

"ምን አሉ አባባ?"

"ተቀመጥ። ለልጆቼ አትንገር። ሐሞት አልነበረም፤ ልቤ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ አንድ ብታጨስ ያቺው ናት አለኝ። ስንት ጊዜ ሳጥኑን ይዤ ቆሻሻው ቅርጫት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እጄ እምቢ አለ። ለወንዱ ብሰጠው ያጨሰዋል፣ እኔም ለምኜ አንዱን እቀበለዋለሁ። ለሴቶቹ ብሰጥ ይደብቁታል፣ እኔም ፈልጌ አገኘዋለሁ። አንተን ሳስብ ግን ልቤ ዐረፈ። ይህ ሰው በወር ውስጥ ድራሻቸውን ያጠፋል አልኩ። አመንኩህ።"

ዓመታት የጠበቃት ቃል መጣች። ስትመጣ ግን እንዲህ ሆና ነው የመጣችው። ልብስ ሰፊው ፊቱ ተቃጠለ። እዚያው፣ እግሩ ሥር፣ ለዚህ ንግግር የሚሆን መልስ አምስት ሆኖ ተኝቷል። ጎንበስ ብሎ እጁን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ የብልቃጡን ክዳን ያዘ።

ያኔ ዳኛው ሳቃቸውን አቆሙ። "ለመሆኑ" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ከመካከላቸው… አንድም አልተረፈም?"

ልብስ ሰፊው ቀና ሲል ያየው እጃቸውን ነው። ሁለቱ ጣቶቻቸው ከወዲሁ ተለያይተው፣ በመካከላቸው የሚገባውን እየጠበቁ ነበር። ሽማግሌው ጣቶቻቸው የሚያደርጉትን አላወቁም።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት። ብልቃጡን ቢያወጣ ዳኛው እስኪሞቱ ያከብሩታል። ችግሩ፣ ያ እስኪሞቱ የሚባለው ረጅም አይሆንም።

"አንድም" አለ ልብስ ሰፊው፣ እጁን ባዶውን ከቦርሳው አውጥቶ።

ዳኛው ጣቶቻቸውን አጠፉ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ወንበሩን ተደገፉ። "አውቄ ነበር" አሉ፤ ሳቃቸውም ተመለሰ። "ይኸውልህ፣ ሱፌን ለአንተ አለመስጠቴ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። በፍርድ ተሳስቼ አላውቅም።"

"አዎ፣ አባባ" አለ።

ሱቁ እንደገባ በሩን ቆለፈ፣ ካውያውን ሰካ፣ ብልቃጡን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ሲጋር አውጥቶ በጣቶቹ መካከል አንዴ ዳበሰው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጎ፣ የሱሪ መስመር እንደሚያወጣ ሰው፣ ካውያውን በሙሉ ክብደቱ ጣለበት። እንፋሎቱ ጮኸ፤ ቅጠሉ ተሰነጣጥቆ ከጨርቁ ሥር እንደ ጭቃ ወጣ።

ሚስቱ በጓዳ በር ገባች። ጠረጴዛውን አየች፣ ብልቃጡን አየች። ያ ብልቃጥ ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በራስጌዋ ነው የከረመው።

"አባባ ምን አሉ?"

"ሳቁ።"

"ይህንንስ?"

"አላሳየኋቸውም። ሕመማቸው ሐሞት አይደለም፣ ልባቸው ነው። ለልጆቼ አትንገር ብለውኛል፣ ትንፍሽ እንዳትይ። አንድም አልተረፈም አልኳቸው።"

ልብስ ሰፊው የተጨፈለቀውን ቅጠል ከጠረጴዛው ጠረገ።

"እንግዲህ ማዶ መሻገራቸውን አይተዉም" አለች።

"አይተዉም።"

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፣ ከብልቃጡ ሁለተኛውን አውጥታ አቀበለችው።